የተቀመጠ እግር፣ የቆመ እግር

ይህን ታሪክ እስከ ዛሬ ለዘጠኝ ሰው አውርቻለሁ። ሰባቱ «ወግድ» ብለውኛል፣ አንዱ ሻዩን ሳይጨርስ ተነስቶ ሄዷል፣ ዘጠነኛው ዘመዴ ስለሆነ ዝም አለ። እኔ ግን ከዋሸሁ ምላሴ አይታዘዘኝ፣ ነገሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ልጅ የእናቱን እግር በእጁ ይዞ አላወቀውም። ያውም በእግር የሚተዳደር ልጅ። ያውም በጠራራ ቀን፣ መብራት አብርቶ፣ በሚሊሜትር እየለካ። ማመን ያቃተው እዚህ ላይ ቢተወኝ አልቀየመውም።

ቀኑ የጀመረው በግድግዳ ነው። በመታጠቢያ ቤቱና በኩሽናው መካከል ያለችው ግድግዳ ከኮምፔርሳቶ የተሠራች ናት፤ እዚህ ያለ ሰው ጥርሱን ሲቦርሽ እዚያ ያለው አረፋውን ይሰማዋል። እትዬ ካውያ ፊታቸውን ሊታጠቡ ገብተው ቧንቧውን ሊከፍቱ እጃቸውን ሲሰዱ የልጃቸውን ድምፅ ሰሙ። እትዬ ካውያ የተባሉት ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ላውንደሪ ልብስ ሲተኩሱ ስለኖሩ ነው፤ የመዝገብ ስማቸውን የሚያስታውሰው መታወቂያቸው ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት ከላውንደሪው እርጥብ ደረጃ ላይ ቀኝ እግራቸው ወለም ካላቸው ወዲህ ቁርጭምጭሚታቸው አልጠና ብሎ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ልጃቸው ደግሞ ሥራው ይኸው ነው፤ በአንድ ወርክሾፕ ለታመመ እግር የፕላስቲክ ድጋፍ የሚሠራ ቴክኒሻን ነው። በአራት ወር ውስጥ ሦስት ድጋፍ ሠርቶላቸዋል። ሦስቱም እሳቸውን ነክሰዋቸዋል። አንዱን ከካውያ ጠረጴዛው ሥር ያወልቁታል፣ አንዱን አልጋ ሥር ይደብቁታል፤ ሦስተኛውን ለራሳቸው «ወጥመዱ» ይሉታል።

«ልኩ ልክ ነው» ይላል ልጃቸው ኩሽና ውስጥ። «ሦስቴ ሠራሁ፣ ሦስቱም ልክ ናቸው። እናቴን የሚያማት እግሯ አይደለም፤ ጠባይዋ ነው።»

«ኧረ ቀስ በል፣ ይሰማሉ» አለች ምራታቸው።

«ትስማ። አጠገቧ ተቀምጬ እያገላበጥኩ እንዳስታምማት ነው የምትፈልገው። ዛሬ በምሳ ሰዓት ላውንደሪው ጋ ሄጄ ለባለቤቲቱ እነግራታለሁ። እናቴ ከነገ ጀምሮ አትመጣም፣ ሌላ ሰው ቅጠሪ እላታለሁ። ቤት ትቀመጥ። በቃ።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። እትዬ ካውያ ቧንቧውን ሳይከፍቱ ቆሙ። ጠባይዋ ነው የምትለዋን እንኳ ይችሏት ነበር፤ እናት ለመሆን የሚከፈል ነው ብለው ይውጧት ነበር። «ትቀመጥ» የምትለዋ ናት ጉሮሯቸው ላይ የቀረችው። እሳቸው ቆመው ነው ይህን ልጅ ያሳደጉት፤ ቆመው ነው ያስተማሩት፤ የሙሽራ ልብስ፣ የዳኛ ካባ፣ የሆቴል አንሶላ በእጃቸው ያለፈው ቆመው ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ በዚያ ቤት ውስጥ፣ በገዛ ልጃቸው አፍ፣ ውሸታም ሆነዋል። ፊታቸውን ታጠቡና ወጡ።

ቁርስ ላይ ሦስቱም ሻያቸውን አዩ። ምራታቸው ዳቦውን ወደ እሳቸው ገፋ አደረገች፤ ገፋ ያለችበት አኳኋን «አልሰሙም አይደል?» የሚል ነበር። ልጃቸው ጎንበስ ብሎ ከጠረጴዛው ሥር እግራቸውን አየ።

«አድርገሽዋል?»

«አድርጌዋለሁ።»

«ታዲያ ልክ አይደለም?»

«ልክ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው። ተቀምጠው ነበራ። እግራቸው ድጋፉ ውስጥ በሻንጣው ውስጥ እንደተኛ ዋንጫ ቁጭ ብላለች፤ ወዲህ አትል፣ ወዲያ አትል። እንዲህ እያለች ነው የምታሳጣቸው። ልጃቸው ሚስቱን «አየሽ አይደል» በሚል ዓይን አያትና ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ።

የዚያን ቀን የእትዬ ካውያ የሥራ ተራ ከሰዓት በኋላ ነበር። ድጋፉን አውልቀው በፌስታል ጠቀለሉና ሻርፓቸውን እስከ ቅንድባቸው አውርደው አውቶቡስ ተሳፈሩ። ልጃቸው እዚያ ወርክሾፕ ከገባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ እሳቸው አንድም ቀን ደጁን ረግጠው አያውቁም። እናት የልጇ መሥሪያ ቤት መሄድ ማለት ልጇን በጓደኞቹ ፊት አፍንጫውን መጥረግ ማለት ነው ብለው ያምናሉ። ዛሬ ግን አለቃው ዘንድ ሊገቡ ቆርጠዋል። ልጃቸው በቤት ውስጥ ስማቸውን ሲያነሳ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግላቸው አለቃ አሉት፤ ሠላሳ ዓመት ጀሶ ሲያቦኩ ኖረው ጸጉራቸውና ቅንድባቸው ከጀሶው ያልተለየ፣ ጋሽ ጀሶ የሚባሉ። «አልዋሸሁም ብለው ይንገሩልኝ፣ የእርስዎን ይሰማል» ሊሏቸው ነው። እስከ ምሳ ሰዓት ሦስት ሰዓት አላቸው።

መግቢያው ላይ ያለችው መዝጋቢ ግን ጋሽ ጀሶን ለማየትም ሆነ ጀሶ ለመግዛት የመጣውን ሰው ሁሉ በአንድ ዓይን የምታይ ናት። ቀና ሳትል ቁጥር አሥራ አራት የተጻፈባት ካርቶን ሰጠቻቸውና ወደ አግዳሚው ጠቆመች። አግዳሚው ላይ አንድ ወፍራም የአውቶቡስ ሾፌር አንድ ጫማውን አውልቆ ጭኑ ላይ እንደ ድመት አስተኝቶ ተቀምጧል።

«የኔ የክላቿ ናት ያኮረፈችው» አላቸው ሳይጠየቅ። «የፍሬኗ ደህና ናት። እርስዎስ፣ የትኛዋ ናት?»

«የቀኟ።»

«እንግዲያው ነዳጅ መስጠት አቅቷታል ማለት ነው።» ሳቀና ወደ በሩ በአገጩ ጠቆመ። «ውስጥ ያለው ልጅ ጎበዝ ነው። ግን ፊት አያይም። ሦስቴ መጥቼበታለሁ፤ ባለፈው ገበያ መሃል ሰላም ብዬው አላወቀኝም። ጫማዬን ባወልቅለት ኖሮ አቅፎ ይስመኝ ነበር።»

ሾፌሩ ሲጠራ በሩ ገርበብ ብሎ ቀረ፤ እትዬ ካውያም አንገታቸውን ሰገግ አደረጉ። ክፍሏ መጋረጃዋ የተዘጋ፣ ብርሃኗ ከወለሉ አካባቢ ብቻ የሚመጣ ናት። ልጃቸው አፍና አፍንጫውን በአቧራ መከላከያ ሸፍኖ፣ የጀሶ ሽርጥ አገልድሞ፣ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ሾፌሩን መጀመሪያ አቆመው። «ክብደትዎን ሁሉ ይጣሉበት» አለው፣ በወረቀት ላይም የእግሩን ዙሪያ በቀይ እርሳስ አወጣ። ከዚያ አስቀመጠውና በዚያው ወረቀት ላይ በሰማያዊ አወጣ። ሁለቱ መስመሮች አልገጠሙም። ቀዩ ሰማያዊውን ከውጭ አቅፎታል፣ ታላቅ ወንድም ታናሹን እንደሚያቅፍ። የአንድ ሰው፣ የአንድ እግር፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ።

እትዬ ካውያ ፌስታሉን ጨበጥ አደረጉ። ቤት ውስጥ ሦስት ጊዜ ሲለካቸው እንዴት እንደነበር መጣባቸው። ሶፋው ላይ ያስቀምጣቸዋል፤ ከጀርባቸው ትራስ ይጨምርላቸዋል፤ ሊነሱ ሲሉ «አትነሺ እማዬ፣ በሞቴ አትነሺ» ይላል፤ ራሱ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ እግራቸውን ጭኑ ላይ ያሳርፋል። እሳቸውም ባዶ እግራቸውን ለልጃቸው መስጠት አፍረው ካልሲያቸውን አላወለቁም። አንዴም፣ አንዴም ቁሚ አላላቸውም። ለባዳው ሁሉ «ይቁሙ» የሚል ልጅ እናቱን ቁሚ ማለት ነውር መስሎታል።

«አሥራ አራት» የሚል ድምፅ መጣ።

ገቡ። ጥግ ላይ አንድ ነጭ ሽማግሌ የጀሶ እግር በሞረድ ይሞርዳሉ፤ ጋሽ ጀሶ መሆናቸውን ለማወቅ ማስተዋወቂያ አያስፈልግም። እትዬ ካውያ ወደ እሳቸው ሊሄዱ ሲሉ ልጃቸው ቀና ሳይል «ጫማዎንና ካልሲዎን ያውልቁ እማማ፣ እዚህ ላይ ይውጡ» አላቸው። «እርስዎ» ብሎ፣ በዚያ ቤታቸው ውስጥ ሰምተውት በማያውቁት ትህትና። ያኔ ነው ሰይጣን በጆሯቸው ያንሾካሾከው። እስቲ ዝም ልበል፣ ይህ ለባዳ የሚሰጠው ምን እንደሆነ ልየው አሉ። ወጡ።

የወጡበት ነገር እስከ ጉልበት የሚደርስ የብረት ሳጥን ነው። ላዩ ወፍራም የሚያሳልፍ መስታወት፣ ውስጡ መብራት፤ ከሥሩ ደግሞ መልክ የሚያሳይ መስታወት አጋድመው አስገብተውበታል፤ ቴክኒሻኑም የቆመውም ሰው ውስጥ እግርን ከታች ወደ ላይ እንዲያዩት። እትዬ ካውያ ቁልቁል አዩና ሊያወሩት የነበረው ሁሉ ጠፋባቸው። ስልሳ አንድ ዓመት የተሸከማቸውን ነገር ፊት ለፊት አይተውት አያውቁም ነበር። ሰው መዳፉን በቀን መቶ ጊዜ ያያል፤ ውስጥ እግሩን ግን፣ ያውም ሥራ ላይ እያለ፣ ማን አየው? ክብደት ያረፈበት ቦታ ሁሉ ደሙ ሸሽቶ ነጥቷል። ተረከዛቸው ሙሉ ጨረቃ ሆኗል። ጣቶቻቸው ጠባብ አግዳሚ ላይ ሌላ ሰው እንደመጣባቸው እንግዶች ጎን ለጎን ተገፋፍተው ተዘርግተዋል። ከመሬት ከፍ ማለት የነበረበት የመሃል ቅስት ዝናብ እንደጠጣ የሸራ ጣሪያ ተንጠልጥሎ ወርዶ መስታወቱን ነክቷል። በዚያ መውረድ ውስጥ የውስጥ ቁርጭምጭሚታቸው አጥንት አብራ ወርዳ፣ ወደ ውስጥም ዘንበል ብላ፣ በር ላይ እንደምታደባ ጎረቤት ብቅ ብላለች።

«አሁን ወደ ቀኙ ያዘንብሉ። ክብደትዎን ሁሉ ይጣሉበት።»

አዘነበሉ። ነጩ ሰፋ። እግራቸው በዓይናቸው እያዩት ረዘመ፣ ጎኑም ወጣ። ወደ ግራ ሲመለሱ ደሙ ከየጠርዙ ተመለሰና እግሩ ተሰበሰበ። እንደገና አዘነበሉ፤ እንደገና ሰፋ። ይተነፍስ ነበር። ሳጥኑ ጠበበው ብላችሁ አታምኑኝም፣ አትመኑኝም፤ ለእሳቸው ግን እንደዚያ ነው የመሰላቸው። ሃያ ስድስት ዓመት በየቀኑ ዘጠኝ ዘጠኝ ሰዓት ከካውያው ሥር፣ ማንም ሳያየው፣ ይህ ሁሉ ሥራ ሲሠራ ኖሯል ማለት ነው። ለገዛ እግራቸው ከፍ ካለ ሰው ፊት እንደቆሙ ያህል ክብር ተሰማቸው፤ ይቅርታ ሊጠይቁት ምንም አልቀራቸው።

«ጋሼ፣ ይምጡና ይዩ» አለ ልጃቸው። ጋሽ ጀሶ ሞረዱን አስቀምጠው መጡና ተንበረከኩ። ሁለቱም መስታወቱን አዩ እንጂ ቀና አላሉም። «በቀን ስንት ሰዓት ይቆማሉ እማማ?»

ድምፃቸው እንዳያጋልጣቸው ዘጠኝ ጣት አሳዩ፤ ወደ ሳጥኑ ዝቅ አድርገው።

«ዘጠኝ ሰዓት። በዚህ እግር።» ድምፁ ዝቅ አለ። «እርስዎ የብረት ሰው ነዎት። ድጋፍ ተሠርቶልዎት ያውቃል?» ራሳቸውን በአዎንታ ሲነቀንቁ ጥላቸው መስታወቱ ላይ ተነቃነቀ። በቁርጭምጭሚታቸው አጥንት ላይ ያለውን የተላጠ ቀይ ቁስል በጣቱ ጫፍ ሳይነካ ዞረው። «ይሄ የድጋፉ ጠርዝ ነው። የሠራልዎት ሰው ቁጭ አድርጎ ነው የለካዎት። ሲቆሙ ይቺ አጥንት ትወርዳለች፤ እሱ የሠራላት ማረፊያ ግን ከላይ ቀርቷል። ስንት ጊዜ ቻሉት?»

አራት ጣት።

«አራት ቀን?» ጥላው አይደለም አለ። «አራት ወር?» ልጁ እርሳሱን አቆመ። «ሰውየው ደንቆሮ ነው። ሲያምዎት አልነገሩትም እንዴ? ምን አለዎት?»

«ምን ይላል» አሉ ጋሽ ጀሶ እየተነሱ። «ጠባይዎ ነው ይላል እንጂ። የሠራው ሁሌ ልክ ነው፤ የሚያማቸው ናቸው ጠባየኞች። ሠላሳ ዓመት ሰምቼዋለሁ።»

ልጁ ወረቀት ዘርግቶ በቀይ እርሳስ ዙሪያውን አወጣ፤ እጁ እንደ ወትሮው አልፈጠነም። «ይቀመጡ» አለ ከዚያ። እትዬ ካውያ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፤ እሱም የተረከዛቸውን ሥር በመዳፉ ደግፎ ከመሬት አነሳው።

ሰባቱ ሰዎች «ወግድ» ያሉኝ እዚህች ላይ ስደርስ ነው። ክብደቱ እንደለቀቀው እግሩ በልጁ መዳፍ ውስጥ ተለወጠ። ጣቶቹ ተሰበሰቡ፣ የመሃሉ ቅስት ተነሳ፣ አጥንቷ ወደ ላይ ወደ ቦታዋ ተመለሰች፣ ጎኑ ጠበበ፤ የማያውቀው የአንዲት ምስኪን ሴት እግር ቀስ እያለ፣ እጁ ላይ፣ እናቱ ሆነ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይሏል፤ መዳፍ ግን ሦስት ጊዜ የያዘውን አይረሳም። ይህን ቅርጽ በጨለማ ያውቀዋል። ሰማያዊውን እርሳስ ይዞ ለረጅም ጊዜ አልጻፈም። ከዚያ ጻፈ። ሰማያዊው መስመር ቀዩ ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ። ማስመሪያ አስጠጋ፤ በርዝመት ዘጠኝ ሚሊሜትር፣ በጎን ሰባት። ዘጠኝ ሚሊሜትር ለእናንተ የአሸዋ ፍሬ ነው። አጥንት ላይ ግን አራት ወር ነው።

«እማዬ» አለ ቀና ሳይል።

«አቤት።»

ጋሽ ጀሶ ሞረዳቸውን እንደያዙ ዞሩ። አንዴ እናትየውን፣ አንዴ ልጁን፣ አንዴ ወረቀቱን አዩና ሁሉም ገባቸው። ጆሯቸው ሥር ያለችው ሥፍራ፣ ጀሶ የማይደርስባት፣ ቀላች።

«ጨዋ ልጅ ነው» አሏቸው እትዬ ካውያ፤ ልጃቸው እንዳይዋረድ ቀድመው። «ደንቆሮ አይደለም። እናቱን ቁሚ ማለት አፍሮ ነው። እኔም ካልሲዬን ማውለቅ አፍሬ ነው። ሁለታችንም ስንከባበር ነው ይሄ የመጣው።»

«የተቀመጠ እግር ወሬ ነው» አሉ ጋሽ ጀሶ ወደ ጥጋቸው እየተመለሱ። «የቆመ እግር ግን ምስክር ነው። እኔ የሰደብኩትን አልሰማችሁኝም፣ እኔም አላየኋችሁም።» ሞረዱ እንደገና መጮህ ጀመረ፣ ከበፊቱ ጠንከር ብሎ።

ልጁ የአፉን መሸፈኛ አወረደ። «ይቅር በይኝ እማዬ» አለ። «ጠዋት ያልኩትን ሰምተሻል። ለማያውቁት ሰው ያዘንኩትን ላንቺ ነፈግኩሽ። እግርሽ እውነቱን ነበር፣ እኔ ነኝ ውሸታሙ።» እሳቸውም ጸጉሩ ላይ ያለውን የጀሶ ብናኝ በእጃቸው አራገፉለት።

የምሳ ሰዓት ደረሰ፤ ልጁ ላውንደሪው ጋ አልሄደም። ድጋፉን ከፌስታሉ አወጣና ጠርዙን በሙቅ አየር ማሽን እስኪለሰልስ አሞቀው፤ እናቱን ሳጥኑ ላይ አቁሞ አጥንቷ የምትወርድበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አደረገ፤ እዚያች ላይ ፕላስቲኩን ከውስጥ በእንጨት ኳስ ገፍቶ ማረፊያ አወጣላት። «ይሄ ለጊዜው ነው» አለ። «አዲሱን ስሠራው እንደተቀመጠው እግር አላደርገውም፣ እንደወደቀውም አልተወውም። ቅስቷን መሃል መንገድ ላይ ይዤ አስቀራታለሁ።» ሲቀዘቅዝ አሰረላቸው። አሥራ ሁለት ኪሎ የሚመዝን የጀሶ ባልዲ አምጥቶ አስታቀፋቸው፣ የእርጥብ አንሶላ ክምር ይሁንልሽ ብሎ። እትዬ ካውያ አሥር ደቂቃ ቆሙ። ሃያ ቆሙ። አጥንቷ የምትነከስበትን ሰዓት ፊታቸውን ጨምድደው ጠበቁ፤ ሰዓቷ መጥታ፣ ሳትነክስ አለፈች። ከሰዓት በኋላ በተራቸው ካውያቸው ዘንድ ነበሩ።

እንግዲህ ምላሴን ያስያዝኩበት ነገር ስለሆነ አንዲቱን ልመልሳት። የይቅርታውን ንግግር የጨመርኩት እኔ ነኝ። እንዲያ ያለ ንግግር በዚያ ቤት ተነግሮ አያውቅም፤ ልጁም የሚያውቅበት አልነበረም። እሱ ያለው ባልዲውን ከእጃቸው ተቀብሎ «ምሳ በልተሻል?» ብቻ ነው። እሳቸውም «አልበላሁም» አሉ። ከቦርሳው ሚስቱ የቋጠረችለትን ዳቦ አወጣና ለሁለት ቆረሰው። ወንበሩን ሊስብላቸው እጁን ዘርግቶ፣ መልሶ ሰበሰበው። ሁለቱም ቆመው በሉት።